ቱ ስትሮኩን ነቅለህ ፎር ስትሮክ ልትተክል ላሰብከው የጫሞ ወንድሜ

ጥያቄህን ሳነበው ሳቄ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ነበር ሰውን ሁሉ የምጠይቀው። ላልተከታተሉት ላሳጥረው፦ ጫሞ ላይ ቱሪስት ወደ አዞ ገበያ የምታመላልስበት የፋይበር ጀልባ አለህ፣ ከኋላው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ኢንዱሮ የሚባል ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅበት) ተገጥሟል፣ የቤንዚኑ ወጪ አማሮሃል፣ አሁን አዲስ 40 ፈረስ ፎር ስትሮክ (ዘይቱን ለብቻው የሚይዝ) ልትገዛ ነው። "ዝም ብሎ ነቅሎ መትከል ነው ወይስ ሌላ ጣጣ አለው?" ነው ያልከው።

ጣጣ አለው። ግን ጣጣው ሞተሩ ላይ አይደለም፣ ሞተሩ ዙሪያ ነው። እኔ ባሕር ዳር ነው የምሰራው። ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት፣ አንዳንዴ ዳጋ እስጢፋኖስ። አሮጌው ሞተሬ ልክ ያንተው ዓይነት ነበር።

ከነዳጁ ልጀምር። በአሮጌው ዘጌ ደርሼ ስመለስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙልጭ ይል ነበር። አሁን በዚያው ጀልባ፣ በዚያው መንገድ፣ 13 ሊትር ገደማ ነው። ለምን መሰለህ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው) ያለው ቱ ስትሮክ የተቃጠለውን ሲያስወጣና አዲሱን ሲያስገባ ሁለቱም በሮች ለአፍታ አብረው ክፍት ናቸው፣ ስለዚህ ከሚጠጣው ቤንዚን ከአራት አንድ እጅ ያህሉ ጭራሽ ሳይቃጠል ውሃ ውስጥ ይገባል። በገንዘብህ ገዝተህ አዞ ታጠጣለህ ማለት ነው። ልዩነቱ በጣም የሚታየው ደግሞ ቀስ ብለህ ስትነዳ ነው፤ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከሰጠኸው ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። ያንተ ስራ አዞ ዳር በቀስታ መንሸራተት ስለሆነ ከእኔ የበለጠ ታተርፋለህ።

ዘይቱን ደግሞ አስላው። 50 ለ 1 ስትደባልቅ ለአንድ ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው። በሰዓት 10 ሊትር ቢፈጅ በ100 ሰዓት 1,000 ሊትር ቤንዚን፣ ከሱ ጋር 20 ሊትር ዘይት። ያ ሁሉ ዘይት ተቃጥሎም ሳይቃጠልም ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው ጋ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ተንሳፎ ታየው የለ? እሱ ነው። ፎር ስትሮኩ ሁለት ሊትር የማይሞላ ዘይት ሆዱ ውስጥ ይዞ 100 ሰዓት ይሰራል፣ ከዚያ ከነፊልትሮው ትቀይረዋለህ። (የተቀየረውን ዘይት ዳር ላይ የሚደፉ ሰዎች አይቻለሁ። እንደሱ ከሆነማ ምን ለፋን?)

ድምፁ ሌላ ዓለም ነው። የእኛ አስጎብኚዎች ዘጌ እስኪደርሱ ሲጮሁ ጉሮሯቸው ይዘጋ ነበር። አሁን ጀልባው መሃል ቁጭ ብለው እንደ ቤት ያወራሉ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አሳፍሬ "ሞተሩ ጠፋ እንዴ?" ብለውኛል።

አሁን ወደ ጣጣው።

መጀመሪያ ክብደቱ። ኢንዱሮው ከ70 ኪሎ ትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ፎር ስትሮኩ ወደ 97 ይጠጋል። 25 ኪሎ ምን አላት ትላለህ፣ እኔም ብያለሁ። ግን ላዩ ላይ ባትሪ አለ፣ አንተ አለህ፣ ነዳጁ አለ፣ ሁሉም ኋላ። የመጀመሪያው ቀን ጀልባዬን ባዶዋን ሳያት ጭራዋን ዘፍዝፋ አፍንጫዋን ሰቅላ ነበር የቆመችው፣ የኋላው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከውሃው እኩል ሆኖ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ባትሪውንና የነዳጁን ታንከር ወደ መሃል ሳመጣው ተስተካከለ። ረዘም ያለ የነዳጅ ቱቦና ወፍራም የባትሪ ገመድ ያስፈልግሃል፣ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ሞተሩ አይነሳም።

ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ አይተኸው። ፋይበር ነው ብለህ አትተኛ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ኮምፔልሳቶ ነው። አሮጌውን ስታወርድ የብሎኖቹን ቀዳዳ በጥፍርህ ወይም በሚስማር ፋቅ ፋቅ አድርገው። ደረቅ የእንጨት ብናኝ ከወጣ እሰየው። የእኔ ግን እንደ ረጠበ ቡና አተላ ጥቁር ቡናማ ነገር ነበር የወጣው፣ ይሸታልም። የበሰበሰ ግድግዳ ላይ ያን ያህል ክብደት ሰቅሎ ቱሪስት መጫን እብደት ነው። ሙሉውን አስቆርጬ አስቀየርኩት፣ ሦስት ሳምንት ስራ ፈታሁ፣ እንኳንም አደረግኩት። ግድግዳውን ሳትፈትሽ ሞተር እንዳትገዛ።

ቁመቱንም ለካ። የሞተሩ እግር አጭርና ረጅም አለው፣ አጭሩ 38 ሴንቲ፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ አካባቢ። ከፕሮፔላው በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል መሆን አለባት። ከፍ ካለች ፕሮፔላው አየር ይመታል፣ ዝቅ ካለች ጭቃ ትጎትታለህ።

ሁለተኛው ጣጣ ፕሮፔላው ነው፣ ብዙ ሰው "ፎር ስትሮክ ጉልበት የለውም" ብሎ የሚራገመውም በዚህ ይመስለኛል። ሞተር አየር ነው የሚተነፍሰው፣ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የእኔ 40 ፈረስ በተግባር 33 ነው። ጫሞ 1,100 ገደማ ስለሆነ አንተ 35 ወይም 36 ታገኛለህ። አሮጌውም ይሄ ችግር ነበረበት እኮ፣ ግን ቱ ስትሮክ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚተኩስ ሲነሳ ይወረወራል፣ ፎር ስትሮክ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተኩሰው። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔላ ደግሞ ለባሕር ወለል ከፍታ የተሰላ ነው። 12 ሰው ጭኜ ጋዙን እስከ ጫፍ ስሰጠው በደቂቃ 4,600 ዙር ላይ ቆሞ ያቃስታል። መድረስ ያለበት ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። ያንን እያዩ መንዳት በአንደኛ ማርሽ መሄድ የሚገባውን ዳገት በሦስተኛ እንደመውጣት ነው፣ ነዳጅም ይበላል፣ ሞተሩንም ይገድለዋል። ፕሮፔላውን ከ13 ፒች (ፒች ማለት በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት በኢንች ነው) ወደ 11 ቀየርኩት፣ 5,100 ገባ። በቃ። አንድ ፒች ዝቅ ስትል ወደ 200 ዙር እንደሚጨምር አስብ። አንተ ከ13 ወደ 12 ብትወርድ ሊበቃህ ይችላል፣ ግን ሰው ጭነህ ሞክረው እንጂ በባዶ ጀልባ አትለካ።

ሦስተኛው ቤንዚኑ። ቱ ስትሮክ እንደ አህያ ነው፣ የሰጠኸውን ይበላል፤ ቢታፈንበት ካርቡሬተሩን ፈትተህ፣ በአፍህ ነፍተህ፣ መልሰህ ትገጥመዋለህ። አዲሱ ኢንጄክሽን ነው፣ ነዳጁን የሚረጭበት ቀዳዳ በጣም ቀጭን ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን አንድ ቀን ቸግሮኝ ገዝቼ ክብራን አጠገብ ሞተሩ ሳል ጀምሮት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ንፋሱ ተነስቷል፣ በመቅዘፊያ ነው የወጣነው። ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ በታንከሩና በሞተሩ መካከል የግድ አስገባ፣ ከሞተሩ ጋር አብረህ ግዛው፣ ሁለት ሦስት መቀየሪያም ያዝ። ጀሪካን ስትገለብጥ የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ተዋት፣ ውሃውም ዝቃጩም እዚያ ነው ያለው።

ረዳትህንም አስተምረው። የእኔው ረዳት ስምንት ዓመት ቤንዚን ሲደባልቅ የኖረ ነው። ሞተሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስደርስ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ እንደ ወተት እየናጠው ነው። "ምን ጨመርክ?" አልኩት። "ያው ዘይቱን ነዋ ጋሼ!" አለኝ። እኔ ነኝ ያልነገርኩት፣ ምን ልበለው። ሞተር አይገድልም፣ ያጨሳል፣ ካንዴላም ያበላሻል፣ ግን ያንን ቤንዚን አውጥተን ለጎረቤት ቱ ስትሮክ ሰጠነው። ተቃራኒው ነው የሚገድለው፦ ዘይት ያልተደባለቀበት ቤንዚን ለቱ ስትሮክ መስጠት። ሁለቱንም ሞተር ለተወሰነ ጊዜ የምታቆያቸው ከሆነ ጀሪካኖቹን በቀለም ለያቸው።

ስታጓጉዘው ደግሞ ተጠንቀቅ፣ አዲስ አበባ ገዝተህ በመኪና ነው የምታወርደው። ቱ ስትሮክ እንደፈለግክ ታጋድመዋለህ። ፎር ስትሮክ ሆዱ ውስጥ ዘይት ካለ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ በሌላው ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር ይገባል። የእኔን ያመጡት ሰዎች በግንባሩ ደፍተውት ነበር። እንደዚያ ከሆነብህ ቶሎ ቁልፍ አትጠምዝዝ። ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በእጅ አዙረው፣ ዘይቱ ይውጣ፣ ከዚያ ግጠም።

ስለ ማለማመዱ ብዙ አልልም፣ መመሪያው ላይ አለ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት እንደ አራስ ያዘው። የመጀመሪያውን ዘይት በ20 ሰዓት ቀይር። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ምዘዝ። ደረጃው ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ሁልጊዜ በቀስታ ብቻ እየነዳኸው ነው፣ ዘይቱን ቀይርና በቀን ለአስራ አምስት ደቂቃ እንኳን ፈጠን አድርገህ ንዳው። ያንተ ስራ ይሄን ሊያመጣብህ ይችላል።

ውሃውንም ተከታተል። እኛ ጋ እምቦጭ ነው ጠላታችን፣ የውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል። ሞተሩ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከኋላ እየሸና መሆኑን ሳላይ አንድ ደቂቃ አልነዳም። ፎር ስትሮኩ ሲሞቅ ይጮሃል፣ ራሱም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አሮጌው እስኪጣበቅ ድረስ ዝም ይልህ ነበር። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ ጭቃው የፓምፑን ጎማ ይበላዋል፣ እኔ በየዓመቱ እቀይረዋለሁ።

በተለይ አንተን የሚመለከት ነገር፦ ጉማሬ። በቁልፍ መነሳቱ እዚያ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ባትሪ ይሞታል። ስትገዛ በድንገተኛ ጊዜ በገመድ ማስነሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፣ ከተቻለም ዳር ላይ ሆነህ ተለማመደው። ጉማሬ አጠገብህ ብቅ ካለ በኋላ የሞተር ክዳን መክፈት አይታሰብም።

እና ልግዛ ወይ ካልከኝ፣ በየቀኑ የምትሰራ ከሆነ ግዛ። ጀልባህ በዓመት ሁለት ሦስት ወር ብቻ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ወይም አርባ ምንጭ ኢንጄክሽን ደፍሮ የሚፈታ መካኒክ ከሌለ ግን ኢንዱሮውን አሳድሰህ ቆይ። ስለ ቱ ስትሮክ ክፉ የሚያወሩ ሰዎች መንገድ ላይ በአንድ ፒንሳና በአንድ ካንዴላ ቁልፍ ጠግነው ቤታቸው ገብተው አያውቁም። ዋጋውን አልጽፍልህም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ግን ስታሰላ ሞተሩን ብቻ አትያዝ፦ ባትሪ፣ ገመድ፣ ፊልትሮ፣ ሁለተኛ ፕሮፔላ፣ ምናልባትም የጋዝና የማርሽ መቆጣጠሪያው ከነካቦው፣ አሮጌው ለአዲሱ ላይሆን ይችላል።

አሮጌውንም ቶሎ አትሽጠው፣ አንድ ክረምት ይቆይ። እኔ በሳምንቱ ሸጬው፣ ግድግዳው ሲሰራ ለዚያ ሦስት ሳምንት የምውልበት ጀልባ ከሰው እለምን ነበር።

የግድግዳህን ከፍታ በሴንቲ ለካና፣ ስንት ሰው እንደምትጭን፣ አሁን ያለው ፕሮፔላ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክ። ከዚያ ስለ ፒቹ እንነጋገራለን።