ሕዋሷ ከምን እንደተሠራች ጠይቁ፦ ላቦራቶሪ ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የሕዋስ ክፍሎችን ስም በቃላችሁ ከመያዛችሁ በፊት ሕዋሱ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ሥራውም ድክመቱም ከዚያ ይመነጫል። በየቀኑ በእጃችሁ የምታልፈውን ቀይ የደም ሕዋስ እንይ።

ውሃዋ ቢወጣላት ከሚቀረው ውስጥ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ነው። ኒውክለሷንና በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጨውን ሚቶኮንድሪያዋን ስታድግ ትጥላቸዋለች። ሚቶኮንድሪያ ስለሌላት የተሸከመችውን ኦክስጅን ራሷ አትጠቀምበትም። ኒውክለስ ስለሌላት ግን አዲስ ፕሮቲን መሥራት አትችልም፤ ስለዚህ የተጎዳባትን ሳትተካ 120 ቀን ያህል ኖራ ታልፋለች። ጉልበት የምታገኘው ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን በመስበር ብቻ ሲሆን፣ ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፋት 2 ኤቲፒ (ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት የጉልበት ሞለኪውል) ነው።

ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙ የተሳሳተ ውጤት የሚመጣው ከዚህ ነው። ደሙ ቲዩብ ውስጥ ከገባ በኋላም ሕዋሷ ግሉኮስ መብላቷን አትተውም። ሕዋሱ ከፈሳሹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት በቆየ ናሙና ውስጥ ግሉኮሱ በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 7 ይቀንሳል። «እንግዲያው ፍሪጅ ላስገባው» የሚል ደግሞ ሌላ ስህተት ይሠራል። በሕዋሷ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ካለው ከ20 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በኤቲፒ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ቅዝቃዜ ፓምፑን ያደክመዋል፤ ፖታሲየሙም ቀስ እያለ ይወጣል። ሕዋሷ ስላልፈረሰች ሴረሙ (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) አይቀላም፣ ስህተቱም ዓይን አይገባም። ታካሚው የሌለበት የፖታሲየም ብዛት ተጽፎበት ይሄዳል። ስለዚህ ደሙ 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይርጋ፤ በተቀዳ በ2 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክራችሁ ሴረሙን ለዩ። ፍሪጅ ከዚያ በኋላ ነው።

ሽፋኗ ስስ የቅባትና የፕሮቲን ንብርብር ነው። አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋት፣ በቀጭን መርፌ በኃይል መሳብ፣ ቲዩቡን መነቅነቅ ያፈርሷታል። ቲዩቡን በቀስታ ገልብጡት እንጂ አትነቅንቁት። ደግሞም ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቲዩብ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) የፖታሲየም ጨው ነው፤ ካልሲየምንም ይይዛል። ከእሱ ወደ ሌላ ቲዩብ ደም ካዛወራችሁ ፖታሲየሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ይህን በፍጹም አታድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቫይቫክስ ወባ ባለበት በሀገራችን የወባ መድኃኒቱ ፕሪማኩይን ከመሰጠቱ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ ሊታዘዝላችሁ ይችላል። ይህ ኤንዛይም ሕዋሷን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይጠብቃታል፤ የጎደለባት ሕዋስ መድኃኒቱ ሲገባ ልትፈርስ ትችላለች። ሕዋሷ ስታረጅ ኤንዛይሙም እየቀነሰ ይሄዳል፤ አዲስም አትሠራም። ታዲያ ታካሚው ደሙ ፈርሶበት ወዲያው ከተመረመረ፣ ያረጁት አልቀው ኤንዛይም የተረፋቸው ወጣቶቹ ስለሚቀሩ ውጤቱ የጤነኛ ሊመስል ይችላል። የታካሚውን ታሪክ ጠይቁ። ደሙ በቅርቡ የፈረሰበት ከሆነ በውጤቱ ላይ ማሳሰቢያ ጻፉ፤ ከ3 ወር ገደማ በኋላም ምርመራው ይደገም።