«የአካባቢ ጽዳት» ሥልጠናው ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሆቴል ሥራ ከወጣሽ አምስት ወር ሆኖሻል። «ሥራ ለሌላቸው የሰፈር ነዋሪዎች ነፃ የአካባቢ ጽዳት ሥልጠና» የሚል ወረቀት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተለጥፎ አየሽ። ያዋጣል ወይ፣ ጤናስ አይጎዳም ወይ፣ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ሲያትል ሥልጠናውን ወስጄ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

መጀመሪያ ስሙ አያሳስትሽ። ጽዳት ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣብን መጥረጊያና መወልወያ ነው። አንዳንዶችም ከላይ በአስተያየታቸው «ከሆቴል ጽዳት ወጥተሽ ሌላ ጽዳት ምን ያደርግልሻል» ብለውሻል። ሥራው ሌላ ነው። የተበከለ አፈር ማንሳት፣ ከአሮጌ ሕንፃ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ቃጫ) ማውጣት፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት (ሌድ) ያለበትን ቀለም ማስወገድ፣ ከመሬት ሥር ተቀብሮ የሚያፈስ የነዳጅ ታንከር ማውጣት ነው። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ባለቤቱ ይሄዳል፣ መርዙ እዚያው መሬት ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አጠገቡ የሚኖረው ድሃ ነው። ሥልጠናው የተጀመረው፣ መርዙን ለዓመታት የተሸከመው የሰፈር ሰው፣ የማጽጃው ገንዘብ ሲመጣ ሥራውንም ያግኝ ተብሎ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ ከ1998 ጀምሮ ለዚህ ገንዘብ ይሰጣል። ራሱ ግን አያሠለጥንም። ለከተሞች፣ ለኮሌጆችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሰጣል፤ የሚመዘግቡሽ እነሱ ናቸው።

ስንቶቻችን ነን ደቡብ ሲያትል የምንኖር! የዱዋሚሽ ወንዝ የታችኛው ክፍል፣ አምስት ማይል ያህሉ፣ ከ2001 ጀምሮ በአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። ሱፐርፈንድ የሚሉት ማለት ነው። ሳልመኑ ያልፋል እንጂ እዚያ አይኖርም፣ ስለዚህ ይበላል። እዚያው የሚኖረው ዓሣና ሸርጣን ግን አይበላም። እኔ ድልድዩን ለዓመታት እየተሻገርኩ ይህን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። በጣም አዘንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርቱን ጠበቅ አድርጌ የያዝኩትም ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

የትምህርቱ ዋና ክፍል ሃዝዎፐር የሚባለው፣ አደገኛ ቆሻሻ ባለበት ቦታ ራስን ጠብቆ መሥራትን የሚያስተምር የ40 ሰዓት ኮርስ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን በኃላፊ ቁጥጥር መስክ ላይ ትሠሪያለሽ፣ በየዓመቱም 8 ሰዓት ማደሻ አለ። የአስቤስቶስ ሠራተኛ ኮርስ ለብቻው 32 ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው አያስፈራሽ። ቃላቱ ተደጋጋሚ ናቸው። እኔ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው ያለፍኩት።

መርዙን እንዳትተነፍሺ የምታደርጊውን የጭንብል ፈተና ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ጭንብሉን ታደርጊያለሽ። ከላይ ኮፈን ያጠልቁልሽና ውስጡ መራራ ነገር ይረጫሉ። ራስሽን ግራና ቀኝ ታዞሪያለሽ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ታያለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ ስለ ቀስተ ደመና የሚያወራ አንቀጽ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ። ምሬቱ ምላስሽ ላይ ከመጣ ጭንብሉ ያስገባል ማለት ነው። አንቀጹ ሳያልቅ እሬት የላስኩ ያህል አፌ መረረ። ፊቴ ትልቅ መስሎኝ ትልቁን ነበር የወሰድኩት። በመካከለኛው ስቀይረው ምንም የለም። መራራው አስቤስቶስ ቢሆን ኖሮ ጣዕም የለውም፣ ሳላውቀው ሳንባዬ ውስጥ ነበር። (ወንድሞች፣ ጺም ካላችሁ ይሄ ጭንብል አይሠራላችሁም። በሃይማኖት ምክንያት የማትላጩ፣ በሞተር አየር የሚነፋ ኮፈን አለና ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።)

ልጅሽን በተመለከተ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። የእርሳስ ብናኝ በልብስና በጫማ ቤት ይገባል፣ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ከማንም በላይ ይጎዳል። ስለዚህ የሥራ ልብስና ጫማ ሥራ ቦታ ይቀራል፣ ታጥበሽ ነው መኪናሽ ውስጥ የምትገቢው። አወላለቁም ሥርዓት አለው። የውጪው ጓንት ቀድሞ ይወጣል፣ የውስጡ ጓንት ከሁሉም በኋላ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ ለሚመረምርሽ ሐኪም ንገሪ። ሌላው ሙቀት ነው። ያ ልብስ አየር አያሳልፍም። በጾም ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ በበጋ እዚያ ውስጥ መሥራት አደጋ ነው፤ ቀድመሽ ለኃላፊው ተናገሪ፣ አትፈሪ።

የመጀመሪያው አሠሪዬ አንድ ቀን የጭንብል ማጣሪያ አልቆ «ነገ ይመጣል፣ ዛሬ ዝም ብላችሁ ግቡ» አለን። አልገባም አልኩ። ሁለት ቀን ሥራ አልሰጠኝም፣ በሦስተኛው ቀን ማጣሪያው መጣ። ሥልጠናው ባይኖር እገባ ነበር። ሰርተፍኬቱን ትተን፣ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አሁን ጉድለቱን ልንገርሽ። የሥልጠናው ሰርተፍኬት ብቻውን ሥራ አይሆንም። ሥራው በፕሮጀክት ነው፣ ሲያልቅ ቤት ትቀመጫለሽ። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ሰባት ሳምንት ተቀምጫለሁ። ነገሩ የተስተካከለልኝ የሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው፦ ባለፈው ዙር ከጨረሱት ስንቱ ሥራ ያዘ? የት? ለአስቤስቶስ ሥራ የሚያስፈልገውን የመንግሥት ፈቃድ ክፍያ ማን ይችላል? ለአውቶቡስና ለልጅ ጥበቃ የሚሰጡት ነገር አለ? «ሥራ እናፈላልጋለን» ብቻ ካሉሽ፣ የቀጠሩ ድርጅቶችን ስም ስጡኝ በያቸው። ደህና ድርጅት ከሆነ ሳይሰለች ይነግርሻል።

ሂጂና ጠይቂ። ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለኝ፣ አማርኛውም ከጎኑ ተጽፏል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።