ምሳ ላይ ወይን የማይጠፋበት የአማች ቤት

ጥያቄ፦ ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ እህቴ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ የሚባል ከተማ ትኖራለች፤ እዚያው አግብታለች። ለፋሲካ ባሏንና አማቷን ይዛ ትመጣለች። ችግሩ አባባ ናቸው። የላከችልን የምሳ ፎቶ ሁሉ ላይ ወይን አይጠፋም፤ እሳቸው እያዩ "ልጄን ሰካራም ቤት ጣልኳት" ይላሉ። በዚያ ላይ የአርበኛ ልጅ ናቸው። ምን ላድርግ? ወይንና ፓስታ ገዛዝቼ ልጠብቃቸው?
ግራ የገባው ወንድም

መልስ፦ የአርበኝነቱን ነገር ለሽማግሌ እተወዋለሁ። እኔ የምችለው የማዕዱን ነው።

አባባን አንድ ነገር ጠይቃቸው፤ ጠላ የሌለበት ዝክር አይተው ያውቃሉ? ጣሊያኖች ዘንድም ወይን ቦታው ገበታው ላይ ነው፣ ከዳቦና ከውሃ ጎን። አንድ ሁለት ብርጭቆ ከምግብ ጋር ይጠጣል፣ ወሬው ይደራል፣ ምሳው ይረዝማል። ሰክሮ መንገዳገድ እዚያም ነውር ነው።

ቶሪኖ ያለችበት ፒየሞንቴ ደግሞ የወይን አገር ነው። ባሮሎ የሚባለው ቀይ ወይናቸው ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ዘር ይጠመቃል፤ ስሙ "ጉም" ከሚለው ቃላቸው መጣ ይባላል፣ ፍሬው የሚለቀመው ዘግይቶ፣ ኮረብታው ጉም መልበስ ሲጀምር ነውና። ጣርማ በርን በክረምት ያለፈ ሰው ይገባዋል። ጠላችን በቀናት ይደርሳል፤ ባሮሎ ግን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ይህን ያህል የተጠበቀ ነገር ማን በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል?

አንተ ግን ወይን አትግዛ። ፓስታማ በፍጹም! እኛ የምንቀቅለው እስኪልፈሰፈስ ነው፤ እነሱ ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር ሲል ነው የሚወዱት። ይሉኝታ ይዟቸው ይበሉልህ ይሆናል፣ በልባቸው ግን... ይቅር። ይልቅ የመንዝ በግ ይታረድ፣ ዶሮው ይሠራ። ጥሬ ሥጋውንም አትደብቅ። "ፈረንጅ ይፈራል" ሲሉህ አትስማ፤ ፒየሞንቴዎች ራሳቸው ጥሬ የበሬ ሥጋ በቢላ ከትክተው፣ በወይራ ዘይትና በጨው፣ ሲያሻቸው ሎሚ ጨምቀውበት ይበላሉ። አማችህ ክትፎ ሲያይ የአገሩን ሰው ያገኘ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር አስቀድመህ ንገራቸው። እነሱ ቤት የግብዣ ምግብ በተራ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ቀለል ያለ መቅመሻ፣ ከዚያ ፓስታ ወይ ሩዝ ወይ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይ ዓሣ ከአትክልት ጋር፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭና ቡና። መሶቡ ላይ ሁሉም ባንዴ ሲቀርብ የመጀመሪያው ዙር መስሏቸው ሆዳቸውን እንዳይቆጥቡ። የአማችህ እናት "ማንጃ! ማንጃ!" ካሉ ደግሞ "ብላ፣ ብላ" ማለታቸው ነው። የእናንተ ቤት መልስ ጉርሻ ነው።

ቡናው የጀበና ይሁን፣ ያለ ወተት። ካፑቺኖ ለእነሱ የጠዋት ነገር ነው፤ ከምሳ በኋላ ወተት ያለበት ቡና ስታቀርብላቸው ግራ ይገባቸዋል።

አረቄው ላይ ግን ጥንቃቄ። እነሱም ግራፓ አላቸው፤ ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ፣ በቃ የነሱ አረቄ በለው። ከምግብ በኋላ ጥቂት ይቀምሱታል እንጂ በብርጭቆ አይሞሉትም። ስለዚህ በመለኪያ ይሁን፤ የሚቀዱትም አባባ ራሳቸው ይሁኑ።