ሁለቱን እጥበት ስታጣምሩ፦ ለወጣት ሐኪሞችና ነርሶች

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ኩላሊት ሕክምና ስትገቡ በመጀመሪያ የምትማሩት መምረጥ ነው፤ የታካሚው ደም ወይ በማሽን ይታጠባል፣ ወይ በሆዱ እጥበት ይደረግለታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ግን ብዙዎቻችሁ የምትሰሙት ዘግይታችሁ ነው።

በሆድ እጥበት ለዓመታት ደህና የቆየ ሰው ሽንቱ እየቀነሰ ይመጣል። በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር የማጠቢያ ፈሳሽ ወደ ሆዱ ቢያስገባም የራሱ ኩላሊት ይሠራለት የነበረውን ሆዱ ብቻውን አይሸፍነውም። የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል፤ ሌሊት ትንፋሽ እያጠረው ትራስ ይደርባል፤ የግፊት ክኒን ይጨመርለታል። የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ የሚመዘግብበትን ደብተር ጠይቁት። ሁለት ሊትር አስገብቶ የወጣው 1,900 ሚሊ ሊትር ከሆነ ውሃው ሰውነቱ ውስጥ እየቀረ ነው። እንዲህ ሲሆን በብዙ ቦታ የሆዱን ቱቦ አውጥቶ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ማስተኛት ይመረጣል። ጃፓኖች ግን ሁለቱን ማጣመርን ለምደዋል፦ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን የሆድ እጥበት፣ አንድ ቀን ማሽን።

ብዙ ጊዜ ትርፍ ውሃው ይወጣል፣ ግፊቱም ይረጋጋል። ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ የኤሪትሮፖይቲን (ደም እንዲመረት የሚረዳ ሆርሞን) መርፌ የሚቀነስላቸውም አሉ። 11,800 ዳልተን የሚመዝነውና ትልቅ በመሆኑ የሆድ ሽፋን በዝግታ የሚያሳልፈው ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲንም ደም ውስጥ ይወርዳል። እኔ ከሁሉ የማከብረው ግን ሰውየው አብዛኛውን ሳምንት ቤቱና ሥራው ላይ መዋሉን ነው።

ዕድሜ ያረዝማል ወይ ብለው ሲጠይቋችሁ ግን አትቸኩሉ። ያለን ማስረጃ በአብዛኛው ከክትትል ጥናት የመጣ ነው፤ ለጥምር ሕክምና የሚመረጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን መንከባከብ የሚችሉ ጠንካሮች ናቸው። ለማነጻጸር በአንድ ማሽን ሁለት የማጥሪያ ስልት የሚያጣምረውን ሄሞዲያፊልትሬሽን ተመልከቱ። በ2023 የወጣው የኮንቪንስ ጥናት 1,360 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ በከፍተኛ መጠን ሄሞዲያፊልትሬሽን ከተደረገላቸው 17.3 በመቶ፣ በተለመደው የማሽን እጥበት (ሄሞዲያሊሲስ) ከቆዩት 21.9 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። ሆድንና ማሽንን ለማጣመር እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጃችን የለም። ለታካሚው ይህንኑ ንገሩት፤ እውነቱን ማወቅ መብቱ ነው።

የሁለቱን ኬቲ/ቪ፣ ማለትም እጥበቱ ምን ያህል እንዳጠራ የሚለካበትን ቁጥር፣ ዝም ብላችሁ አትደምሩ። አንዱ ቀንና ሌሊት በዝግታ ይሠራል፤ ሌላው በአራት ሰዓት ውስጥ በፍጥነት አጥቦ ያቆማል፣ ቆሻሻውም ወዲያው መከማቸት ይጀምራል። ከድምሩ በፊት ክብደቱን፣ ግፊቱን፣ የምግብ ፍላጎቱን እዩ።

ጥምሩ ያረጀ የሆድ ሽፋንን ለማስታመም ሰበብ እንዳይሆን አደራ። የሆድ እጥበት ዓመታት በረዘሙ ቁጥር ሽፋኑ ወፍሮ አንጀትን የሚያንቅበት አደጋ ይጨምራል። ብዙ ያልተለመደ ቢሆንም ሲመጣ ከባድ ነው። ሽፋኑ ውሃ በፍጥነት መምጠጥ ከጀመረ፣ ወይም ኢንፌክሽን ከተደጋገመበት፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ማሽን ስለመሻገር ተነጋገሩ።

ፊስቱላውንም፣ ማለትም ለማሽኑ መርፌ እንዲመች ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚሠራውን የደም ሥር መገናኛ፣ ቀድማችሁ አስቡበት። ለመብሰል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ታካሚው ትንፋሽ አጥሮት እስኪመጣ ከጠበቃችሁ አንገቱ ላይ ጊዜያዊ ካቴተር ታስገባላችሁ፤ ከነኢንፌክሽኑ። ሽንቱ ገና እየቀነሰ ሳለ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ላኩት፤ ፊስቱላ ከሚሠራበት ክንድም ደም አትቅዱ።