ጥቁሩ ነጠብጣብ ፕሮቲኑ ነውን?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ያሳየኋቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳ የጡት ካንሰር ሕዋስ ምስል ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት፤ ተማሪዎቹም «ፕሮቲኖቹ እነዚህ ናቸው» ብለው ቆጠሯቸው። ልክ ናቸውን? የእህቴ የጡት ዕጢ ናሙና ውጤትም ኸር2 ስለተባለው የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲን «ኸር2፣ 2+» ስለሚል፣ በዚህ መሣሪያ ቢታይ ቁርጡ ይታወቅ ነበርን?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የቆጠሩት ወርቅ ነው። ፕሮቲን እንደ ካርቦንና ናይትሮጅን ካሉ ቀላል አተሞች የተሠራ በመሆኑ ኤሌክትሮኖች ብዙም ሳይበተኑ ያልፉበታል፤ ከአካባቢውም አይለይም። ስለዚህ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይላክበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያንን የሚይዝ ሁለተኛ ይከተላል፤ 10 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላት የወርቅ ቅንጣት የተጣበቀችው በዚህኛው ላይ ነው። የወርቅ አተም ከባድ ስለሆነ ኤሌክትሮኖችን በኃይል ይበትናል፤ ቦታውም በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቁት ፎልክና ቴይለር ናቸው።

ማታ ከጦሳ ላይ ሆነው ደሴን ቢመለከቱ የሚታይዎት መብራት እንጂ ሰው አይደለም፤ መብራቱም የተሰቀለው በረንዳ ላይ ነው፤ ሰውየው ግን ቤት ውስጥ ነው። ወርቁና ፕሮቲኑም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ፀረ እንግዳ አካል ብቻውን ከ10 ናኖሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ሁለቱ ሲያያዙ ወርቁ ከፕሮቲኑ 20 ናኖሜትርና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል። የሕዋሱ ሽፋን ውፍረት ግን ከ7 እስከ 10 ናኖሜትር ብቻ ነው። አንዳንዱ ነጠብጣብ ከሽፋኑ ውጭ የተንጠለጠለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆጠራውም እንዲሁ ያሳስታል። ናሙናውን የሚያጸናው ኬሚካል የፕሮቲኑን መልክ ስለሚያዛባ ብዙው ፕሮቲን ሳይያዝ ይቀራል፤ በአንጻሩ አንዱን የመጀመሪያ ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ወይም ሦስት ሁለተኞች ሊይዙት ስለሚችሉ አንድ ፕሮቲን ሁለት ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ሳይጨመርበት የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ናሙና አብሮት ያልቀረበ ምስል ሲገጥመኝ፣ እኔ በግሌ ቁጥሩን አላምነውም።

ስለ እህትዎ፦ 2+ ማለት የፕሮቲኑን መጠን በቀለም በሚያሳየው ምርመራ ብቻ ያልተወሰነ ማለት ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ፕሮቲኑ የሚሠራበት የኸር2 ጂን ስንት ቅጂ እንዳለው በሚቆጥር ምርመራ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለዚህ አይሆንም፤ የሚታየው ከ100 ናኖሜትር የቀጠነ ቁራጭ ስለሆነ የሚያሳየው ጥቂት ሕዋሳትን ሲሆን፣ ዕጢው ደግሞ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል። ሐኪሟን የጂን ምርመራው ታዝዞ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ በፓራፊን ተይዞ የተቀመጠው ያው ናሙና ስለሚበቃ ዳግመኛ መወጋት ላያስፈልጋት ይችላል።