የአንጎል ማነቃቂያ ከተተከለ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ ለኦሲዲ (ሐሳብ እየተመላለሰ ለሚያስጨንቀውና አንድን ድርጊት ደጋግሞ ለሚያሠራው ሕመም) የሚሰጠው መድኃኒትና የንግግር ሕክምና ላልበቃቸው ጥቂት ሕሙማን ነው። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚተከል ባለባትሪ መሣሪያ፣ አንጎል ውስጥ ወደተቀመጡ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች በሽቦ ኤሌክትሪክ ይልካል። በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሕክምናው ስለሚያስከትላቸው የጎንዮሽ ችግሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማነቃቂያው ከተተከለለት ሁለት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የኤሌክትሪኩን መጠን ከፍ ካደረገለት ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ከሦስት ሰዓት በላይ አይተኛም፤ ወሬው አያልቅም፤ ያለ ልማዱ ገንዘብ ይበትናል። «እንዲህ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም» ይላል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ?

መልስ፦ መስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ዛሬውኑ ለሕክምና ቡድኑ ይደውሉ። የገለጹት ሃይፖማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚነሣበት ሁኔታ) ይመስላል። ኤሌክትሮዶቹ የሚቀመጡት የስሜት የነርቭ መስመሮች በሚያልፉበት አካባቢ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ጭንቀትን ማቃለሉ ሳይበቃው ስሜትንም ከልክ በላይ ያነሣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው መጠኑ በተቀየረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ነው። እንቅልፍ አጥቶ የሚደክም ሰው ሌላ ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽ ተኝቶ ድካም የማይሰማው ሰው ግን የሃይፖማኒያን የመጀመሪያ ምልክት እያሳየ ሊሆን ይችላል።

ከእሱ ጋር ባይከራከሩ ይሻላል። ደህና ነኝ የሚለው ከልቡ ነው፤ ለውጡን ከታማሚው ይልቅ ቤተሰብ ቀድሞ ያያል። ስለዚህ ሲደውሉ እነዚህን ጽፈው ይያዙ፦ መጠኑ የተቀየረበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ የተኛበትን ሰዓት፣ ቁጣና ግልፍተኝነት መኖሩን፣ በዚያው ሳምንት የተጨመረ መድኃኒት ካለም እሱን። መድኃኒትና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲቀየሩ ጥፋተኛውን መለየት ያስቸግራል፤ አንዱን ቀይሮ መጠበቅ ነው የሚበጀው።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቱን ወይም ሚሊአምፔሩን ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ያ ካልበቃ ኤሌክትሪክ የሚወጣበትን ነጥብ ይቀይራል፤ በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ወይም ከዚያ በላይ ነጥቦች አሉ። ከባድ ሲሆን ለጊዜው ያጠፋዋል። እርስዎ በራስዎ ግን አያጥፉት፤ ድንገት ሲቋረጥ ጭንቀቱና ድብርቱ ተባብሶ ሊመለስ ይችላል። እስኪረጋጋ ድረስ የባንክ ካርዱንና የመኪናውን ቁልፍ ሌላ ሰው ቢይዝ መልካም ነው።

ለወደፊቱም ይህን ይያዙ፦ መጀመሪያ የሚሻሻለው ስሜትና ጭንቀት ነው። የእጅ መታጠቡ ወይም በር ደጋግሞ መፈተሹ እስኪቀንስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ትዕግሥት አልቆ «ጨምሩልኝ» ማለት ወደ ሃይፖማኒያ የሚወስድ አቋራጭ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ባትሪ በቻርጅ የሚሠራ ነው። እንዳያልቅ እየፈራሁ በየሰዓቱ መቆጣጠሪያውን አያለሁ። ይህ ጥንቃቄ ነው ወይስ ሕመሜ?

መልስ፦ በየሰዓቱ ከሆነ ሕመሙ አዲስ ማረፊያ አግኝቷል። ፍርሃቱ ግን ከምንም አልተነሣም። ለኦሲዲ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ለፓርኪንሰን ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅም የድሮው ጭንቀት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊመለስ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከቴራፒስትዎ ጋር ተስማምተው ባትሪውን የሚያዩበት አንድ ቋሚ ሰዓት ይወስኑ። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩ፤ ቤተሰብን «ደህና ነው አይደል?» ብለው አይጠይቁ። ከዚያ ሰዓት ውጪ ለማየት የሚበቃ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ ስሜትዎ በድንገት ሲወርድ። ያኔ መሣሪያው እየሠራ መሆኑንና ባትሪውን ይዩ፤ ከጠፋ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ሳይዘገዩ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ደረቴ ላይ መሣሪያው ያለበት ቦታ ቀልቶ ይሞቃል። ቤት ያለውን አንቲባዮቲክ ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ፤ በዕለቱ ለቀዶ ሐኪምዎ ያሳዩ። ኢንፌክሽን መሣሪያው ላይ ከደረሰ በአንቲባዮቲክ ብቻ ላይጠፋ ይችላል፤ አንዳንዴ መሣሪያውን ማውጣት ያስፈልጋል። በግምት የተወሰደ ኪኒን ደግሞ ምርመራውን ያደናግራል። ትኩሳት ከአንገት መገተር ወይም ከመደናገር ጋር ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለወገቤ ሕመም ፊዚዮቴራፒስቱ በሙቀት ሊያክመኝ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ ዲያተርሚ የሚባለው (በሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሞቀው ሕክምና) ከሆነ ፈጽሞ አይቻልም፤ መሣሪያው ቢጠፋም ጉልበቱ በሽቦው ተጉዞ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለውን የአንጎል ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። ኤምአርአይም የሚነሡት ለእርስዎ ሞዴል በተፈቀደው ሁኔታ ብቻ ነው። የመሣሪያውን ካርድ ከኪስዎ አይለዩት፤ የኤርፖርት ፍተሻ ላይም እሱን አሳይተው በእጅ እንዲፈተሹ ይጠይቁ።