የዋልታው በጋ፣ ማኪያቶና የጤፍ ዘር፤ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ዋልታ በጋ ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። የመጣው ጥያቄ ግን ጉድ ነው። ተመሳሳዩን አንድ ላይ ጨምቄ፣ ስድቡን አስቀርቼ፣ ለጥቂቶቹ ልመልስ።

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት ነው፤ ጃንጥላና ጭቃ። ሰሜን ዋልታ ላይ ግን ያኔ በጋ ነው። ስለዚህ ስለ ዋልታ ሳወራ «በጋ» ወይም «ክረምት» ስል የእነሱን ማለቴ ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው። ይህን ሳላብራራ ጽፌ ስንቱ ግራ እንደተጋባ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሐምሌ ወደ ሰሜን ኖርዌይ ልሄድ ነው፤ ጃኬት ልያዝ?

ያዝ። የትንኝ መከላከያም አትርሳ።

እዚያው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ የምትኖር እህታችን ደግሞ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። «ይሄም የአየር ንብረት ለውጥ ነው?» ትላለች።

አይደለም እህቴ። እዚያ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ጥፋተኛው የመሬት ዘንበል ማለት ነው። ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ግዢ። ካልሆነ ሐኪም አማክሪ፤ እንዲህ ማለት የዓምዱ ልማድ ነው።

ሳይቤሪያ ውስጥ 38 ዲግሪ ደረሰ የሚባለው እውነት ነው? አዲስ አበባ እንኳን እንደዚያ ሞቃ አታውቅም።

እውነት ነው። ቦታው ቬርኮያንስክ ይባላል፣ ከአርክቲክ ክበብ፣ ማለትም ከሰሜን ዋልታው አካባቢ ድንበር፣ በስተሰሜን ነው። በ2020 በሰኔ ወር 38 ዲግሪ ተለካ፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትም መርምሮ በ2021 መጨረሻ አጸደቀው። ግን በዚህች አንዲት ቀን ብዙ አትገረሙ። ቬርኮያንስክ ከባሕር የራቀ፣ ጠባዩ የከፋ አገር ነው። በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ የተለካው እዚያው ነው፤ በ1988 ደግሞ 37.3 ደርሶ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያች ቀን በፊት የነበሩት ስድስት ወራት ናቸው። ከጥር እስከ ሰኔ የሳይቤሪያ አማካይ ሙቀት ከወትሮው ከ5 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው የከረመው። አንድ ቀን ወሬ ነው፤ ስድስት ወር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስት ገጽ የጻፈልኝ ቁጡ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ የዴንማርክ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከ80 ዲግሪ ሰሜን በላይ ያለውን ሙቀት ከ1958 ጀምሮ በግራፍ ያወጣል። የበጋው መስመር ንቅንቅ አላለም። ታዲያ «ዋልታው ሞቀ» እያላችሁ ማንን ነው የምታታልሉት?

ግራፉን አውቀዋለሁ። ያየኸውም ልክ ነው፤ የበጋው መስመር ያው ነው ማለት ይቻላል። የተሳሳትከው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክር። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በረዶ ሙላበት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ቴርሞሜትር ክተትና አማስል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ልጆቹ እየሳቁብኝ ሞክሬዋለሁ። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አላለም። በረዶው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የጥፍር ያህል ሲቀርም ያው ነው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትጠፋ ግን መለኪያው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ያ ሁሉ ሙቀት እስከዚያ የት ነበር? በረዶውን እያቀለጠ ነበራ! አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ የሚፈጀው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ያደርሳል። ማኪያቶ ሊሆን ምን ቀረው?

የዋልታው መሃል በበጋ ያ ብርጭቆ ነው። በረዶ እስካለ ድረስ ከላዩ ያለው አየር ዜሮ አካባቢ ይቆማል፤ ስለዚህ በበጋ ቴርሞሜትሩን ሳይሆን በረዶውን ነው ማየት ያለብህ። የሳተላይት መለኪያ በ1979 ሲጀምር በመስከረም የሚቀረው የባሕር በረዶ 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። በረዶው በሄደበት ቦታ ጥቁር ባሕር ይከፈታል፤ በረዶ የሚመልሰውን ብርሃን ባሕሩ ይውጠዋል፤ የዋጠውንም በመጸውና በክረምት መልሶ ለአየሩ ይሰጣል። ያንኑ ግራፍህን ወደ ክረምቱ ጫፍ ሂድና እየው። እዚያ መስመሩ ወጥቷል። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ነው።

ለአንተም የምሰጥህ ነጥብ አለ፤ የ2012 ሪከርድ እስከ 2024 አልተሰበረም። የበጋው የአየር ጠባይ እጁ አለበትና። በ2007 ከአላስካ በላይ ባለው ባሕር ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጦ ሰማዩን አጠራው። ፀሐይ ሌት ተቀን ወረደችበት፣ ነፋሱም በረዶውን እየገፋ ወደ አትላንቲክ አወጣው። ከ2012 በኋላ ደግሞ ደመናማና ቀዝቃዛ በጋዎች መጥተዋል፤ ደመና ሲበዛ በረዶው ፋታ ያገኛል። ቢሆንም ከ2007 እስከ 2024 ያሉት 18 መስከረሞች በሙሉ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ ያነሱ ናቸው። ሪከርድ ባይሰበርም አንዱም ወደ ድሮው አልተመለሰም።

በግሪንላንድ አናት ላይ የሆነውንም ልንገርህ። እንጦጦን የሚያክል ከፍታ ላይ፣ 3,216 ሜትር፣ የምርምር ጣቢያ አለ። በነሐሴ 2021 እዚያ ለሰዓታት ዝናብ ዘነበ። ዝናብ! ከዚያ በፊት በቦታው ታይቶ አያውቅም። የዝናብ መለኪያም አልነበራቸውም፤ ማን እዚያ ዝናብ ይጠብቃል? የዘነበበት አመዳይ ሲረጋ መስታወት የመሰለ ሽፋን ይሆናል፤ እንደ አዲስ አመዳይም ብርሃን አይመልስም።

በረዶው ሁሉ ቢቀልጥ ባሕር ይሞላል?

የሰሜን ዋልታው ተንሳፋፊ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ይፈሳል እንዴ? የሚያስፈራው የብስ ላይ ያለው ነው። የግሪንላንዱ ብቻ ቢያልቅ ባሕሩን 7 ሜትር ያህል ያነሳል።

ከዱባይ የመጣ ጥያቄ፦ የኦዞን ነገር አልቆ የለም እንዴ? ስለ ደቡብ ዋልታ ሲወራ ለምን ይነሳል?

አላለቀም። በደቡብ ዋልታ ላይ ያለው የኦዞን ሽፋን ቀዳዳ በ1985 ይፋ ሆነ፣ ኦዞንን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን የሚከለክለው የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። ቀዳዳው የሚከፈተው በእነሱ ጸደይ ቢሆንም፣ ላይኛውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ የደቡቡን የምዕራብ ነፋስ በእነሱው በጋ ወደ ዋልታው ሲስበው ኖሯል። ከ2000 ገደማ ወዲህ ይህ ጉዞ ቆሟል፤ ኬሚካሎቹ በመከልከላቸው ነው። የተፈረመ ወረቀት ነፋስ ሲያቆም ማየት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። በረዶው ግን ሌላ ችግር ገጥሞታል። በየካቲት 2023 በአንታርክቲካ ዙሪያ የቀረው የባሕር በረዶ 1.79 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሳተላይት ዘመን ከታየው ሁሉ ያነሰው።

አባቱ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የሚያርሱ ወጣት፦ የሰሜኑ በረዶ ሲቀልጥ የእኛ ክረምት ይዘገያል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አባዬ ጤፉን ቆይተው ይዝሩ?

ወንድሜ፣ እባክህ በእኔ ዓምድ ጤፍ አይዘራም! ይህን እንደ ትሮምሶዋ እህታችን መልስ አትየው፤ የምሬን ነው። የእኛን ክረምት ከዓመት ዓመት በዋናነት የሚያናውጠው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው፤ በ2015 ኤልኒኖ ያደረገንን አትረሳውም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ሳይገባ ትንበያ ያወጣል። አባትህ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ። ዛሬውኑ ደውልላቸው።

የመጨረሻው፦ ዘራችን ስቫልባርድ፣ ኖርዌይ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባላት ደሴት ላይ ባለው የዘር ማከማቻ፣ ተቀምጧል ይባላል፤ እዚያ ከሞቀ ምን ይውጠናል?

ከአዲስ አበባው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የሄደ የመኖ ዘር እዚያ አለ። በ2016 በመጸው ዝናብ በዝቶ፣ በቅዝቃዜ ረግቶ የኖረው አፈርም ሟሙቶ፣ ውሃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገብቶ ነበር። ዘሩ ጋ ሳይደርስ እዚያው በረዶ ሆነ። ኖርዌይ ከዚያ በኋላ ውሃ የማያስገባ አዲስ መግቢያ ሠራች። ዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተኝቷል፤ በማቀዝቀዣ ማሽን እየታገዘ።